አቡነ ያዕቆብና የመንደር አብያተ ክርስቲያናት



በሐምሌ ወር፣ ክረምቱ በሚበረታበት ሰሞን፣ ቤተ ክርስቲያናችን የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን መታሰቢያ ታከብራለች። አያቶቻችን ይህን የባሕር ማዶ ስም እምብዛም አልለመዱትም፤ አቡነ ያዕቆብ ብለው ጠሯቸው፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን። ስለ ጳጳስነታቸው፣ ስለ እስራታቸውና ስለ ቅድስናቸው በየዓመቱ በስብከት ስለምንሰማ፣ በዚህ እትማችን ሕይወታቸውን በተለይ ከአንድ ወገን ልናይ ወደድን፤ ይኸውም ቤተ ክርስቲያንን በመንደር ውስጥ እንዴት እንደ ተከሉ ነው። ጓላ፣ ዓሊቴናና ሄቦ የተባሉት መንደሮች በካቶሊካውያን ዘንድ ስማቸው የገነነው በእርሳቸው ምክንያት ነውና። በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

አቡነ ያዕቆብ ራሳቸው የመንደር ልጅ ናቸው። የተወለዱት በደቡብ ኢጣልያ፣ በባዚሊካታ አውራጃ፣ በተራራ ላይ በተሠራችው በሳን ፈሌ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1800 ነው። ወላጆቻቸው ጆቫኒ ባቲስታ ደ ያቆቢስና ጁሴፒና ሙቺያ አሥራ አራት ልጆችን ሲወልዱ እርሳቸው ሰባተኛው ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ቤተሰቡ ወደ ኔፕልስ ከተማ ተዛወረ። በ1818፣ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው፣ በቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ወደ ተመሠረተውና በተለምዶ ላዛሪስት ወደሚባለው የልኡካን ማኅበር ገቡ፤ በ1824ም በብሪንዲዚ ከተማ ማዕርገ ክህነትን ተቀበሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። የላዛሪስት ማኅበር የተቋቋመው በመጀመሪያ ለገጠር ሕዝብ ነው። የማኅበሩ ካህናት ወደ አንድ መንደር ሄደው ለብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቀመጡ ነበር፤ ለሕፃናትና ለሽማግሎች ትምህርተ ክርስቶስን ያስተምራሉ፣ ኑዛዜ ይሰማሉ፣ የተጣሉ ቤተሰቦችን ያስታርቃሉ፣ ከመሄዳቸውም በፊት ድኾችንና በሽተኞችን የሚረዳ ማኅበር ከመንደሩ ሰዎች አቋቁመው ይተዋሉ። ወጣቱ ካህን በኦሪያ፣ በሞኖፖሊና በሌቼ አካባቢ ለዓመታት የሠሩት ይህንኑ ሥራ ነበር። በ1836 እና በ1837 የኮሌራ ወረርሽኝ ኔፕልስን ባጠቃ ጊዜ ደግሞ በሽተኞችን ሲያገለግሉ ታይተዋል። ወደ አገራችን ከመምጣታቸው በፊት የነበራቸው ትምህርት እንግዲህ የመጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ መንደር ውስጥ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚኖር አስቀድመው ተምረው ነበር።

በ1838 ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ የዚሁ ማኅበር ካህን ከዳባዲ ወንድማማቾች ጋር ዓድዋ ደርሶ ነበርና፣ ሥራው እንዲቀጥል ቅድስት መንበር በ1839 አባ ዮስጢኖስን የኢትዮጵያ ሐዋርያዊ አስተዳዳሪ አድርጋ ሾመች። በዚያው ዓመት መገባደጃ በምጽዋ በኩል ወጥተው ዓድዋ ገቡ። ያገኙት አገር ግን የካቶሊክ ካህን በደስታ የሚቀበል አልነበረም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የአገሩን ሥርዓተ ቅዳሴ፣ ጾምና በዓላት በላቲን ልማድ ለመለወጥ በመጣደፉ ብዙ ደም ፈስሶ ነበር፤ ንጉሡም በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ሥልጣናቸውን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ተዉ። ይህ መታሰቢያ ከሕዝቡ ልብ አልጠፋም። የፈረንጅ ካህን ማለት የአባቶችን ሥርዓት ሊያፈርስ የመጣ ማለት ነበር። እኛ ካቶሊካውያን ይህን ታሪክ ስንናገር ጥፋቱን ሁሉ ወደ ሌላው ወገን ማላከክ አይገባንም፤ አቡነ ያዕቆብም አላላከኩም።

ስለዚህ አደባባይ ወጥተው አልሰበኩም። ትግርኛን፣ አማርኛንና ግዕዝን መማር ጀመሩ። የአገሩን መነኮሳት ልብስ ለበሱ፤ እንደ እነርሱም በሉ፣ በቁርበት ላይ ተኙ፣ በእግራቸው ተጓዙ። ሰው ወደ ቤታቸው ሲመጣ ይቀበሉ ነበር። በ1840 መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሰዎች በዓድዋ በቤታቸው ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግር፣ ወደዚህ አገር ያመጣቸው ፍቅር ብቻ እንደ ሆነ፣ ሕዝቡም የሚፈልጋቸው ከሆነ ሕይወታቸውን በሙሉ እንደሚሰጡት ገለጹ። ተቀባይነትን ያገኙት ቀስ በቀስ ነው፤ አስቀድሞ አንድ ደብተራ፣ ቀጥሎ አንድ መነኩሴ፣ ከዚያም ጥቂት ወጣቶች።

የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በ1841 ከግብጽ ጳጳስ ለማስመጣት መልእክተኞችን ሲልኩ፣ አቡነ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ለመኗቸው። ጥያቄው ከባድ ነበር። ካቶሊክ ካህን ለኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሊያመጣ እንዴት ይሄዳል? መልእክተኞቹ ከካይሮ በኋላ ወደ ሮማ የመሄድ ነፃነት እንዲኖራቸው ተስማምተው ሄዱ። በካይሮ የቅብጡ ፓትርያርክ ወጣቱን እንድርያስን ጵጵስና ሾሙት፤ እርሱም አቡነ ሰላማ ተባለ። ከመልእክተኞቹም ጥቂቶቹ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮማ ተሻግረው በኦገስት 1841 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ተመለሱ። በጉዞው ውስጥ አንድ ዓይና የሆኑት የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በመርጡለ ማርያም አካባቢ በዲቦ በ1791 የተወለዱት እኚህ ሊቅ፣ በቅባትና በጸጋ ክርክር የደከመ ልባቸውን የሚያሳርፍ ትምህርት ፍለጋ ብዙ ገዳማትን የዞሩ ሰው ናቸው። አስቀድሞ አቡነ ያዕቆብን በጥርጣሬ ያዩ ነበር። በ1844 ግን ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። አቡነ ያዕቆብ ከዚህ ጉዞ ሁለት ነገር ተረፋቸው ማለት ይቻላል፤ እጅግ የቀረበ ወዳጃቸውና እጅግ የበረታ አሳዳጃቸው።

ጓላ

ደጃዝማች ውቤ በመጀመሪያ ዘመን ለአቡነ ያዕቆብ መልካም ፊት አሳይተዋል። በእንጢጮ የተሾመውና በእርሳቸው ምክር ካቶሊክ የሆነው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሽምፐርም በሚችለው ይረዳቸው ነበር። ዘላቂ ቤት ያገኙት ግን በዓጋመ፣ ከዓዲግራት ብዙም በማትርቀው በጓላ ነው። በ1844 መጨረሻና በ1845 በዚያ የንጽሕት ድንግል ማርያምን ስም የያዘ ትምህርት ቤት መሠረቱ። ትምህርት ቤት እንበለው እንጂ ቤተ ክርስቲያንም፣ ገዳምም፣ የእንግዳ ማረፊያም ነበር። ደባትር፣ ዲያቆናት፣ መነኮሳትና ታዳጊ ልጆች በአንድነት ይኖሩበት ነበር። ቀኑ በጸሎት፣ በትምህርትና በእጅ ሥራ ይከፈል ነበር። አቡነ ያዕቆብ ትምህርተ መለኮትን ሲያስተምሩ፣ አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ ግዕዝን ያስተምሩ ነበር። ሁለቱ ተባብረው በአማርኛ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሥራም ጀመሩ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራኖቻችን ዛሬ በእጃቸው የሚይዙት መጽሐፍ አያት ቢፈለግለት የሚገኘው በዚያች መንደር ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ በጓላ የተማሩት ልጆች የላቲን ካህናት እንዲሆኑ አልተደረጉም። በግዕዝ እንዲቀድሱ፣ የአገራቸውን ጾም እንዲጾሙ፣ በአገራቸው ዜማ እንዲዘምሩ ነበር የተፈለገው። በዚያ ዘመን ይህ በሚስዮናውያን ዘንድ የተለመደ አስተሳሰብ አልነበረም። አቡነ ያዕቆብ ለሮማ በተደጋጋሚ የጻፉት ስለዚህ ጉዳይ ነው። የአገሬው ካህን፣ ያገባውም ቢሆን እንደ ምሥራቃውያን ሥርዓት፣ መንጋውን ከማንኛውም የውጭ አገር ሰው የበለጠ ያውቃል ብለው ያምኑ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ከመጡት አንዳንዶቹ በዚህ መንገድ አልጸኑም፤ የላቲን ልማድ በብዙ ቦታ በግዕዙ ላይ ተደርቦ ነበር። የአባታችን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ብዙ ቆይቶ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የመንደር ሰው ወደ ጓላ ጉባኤ ሲገባ ምን ያጣ እንደ ነበር ለወጣቶቻችን ማስረዳት ያስፈልጋል። በደጋው አገር ቤተ ክርስቲያን ማለት ሕንፃው ብቻ አልነበረም። ልጅ የሚጠመቀው፣ ጋብቻ የሚባረከው፣ ሙት የሚቀበረውና ተዝካሩ የሚወጣው በዚያ ነው። ማኅበሩና ሰንበቴው ጎረቤትን ከጎረቤት ያስተሳስራሉ፤ በበዓሉ ቀን ያልተገኘ ሰው በችግሩ ቀን የሚደርስለት ያጣል። እንግዲህ ውግዘት ሲወጣ የሚመታው የሃይማኖት ክርክር የሚያውቀውን ሊቅ ብቻ አይደለም። እናቱን የት እንደሚቀብር የማያውቀውን ገበሬ ነው ይበልጥ የሚመታው። አቡነ ሰላማ አቡነ ያዕቆብንና የተከተሏቸውን ሁሉ አወገዙ፤ የሚያስጠጋቸው፣ የሚያበላቸውና የሚያጠጣቸውም አብሮ እንዲወገዝ አዘዙ። በዚህ ፊት አዲስ ማኅበረሰብ ሊቆም የሚችለው የራሱ ቀሳውስት፣ የራሱ መቃብርና የራሱ በዓል ሲኖረው ብቻ ነው። አቡነ ያዕቆብ በየመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ለማቆም የቸኮሉት ስለ ክብር አልነበረም።

ካህን ግን ያለ ጳጳስ አይሾምም፤ እርሳቸውም በዚያን ጊዜ ጳጳስ አልነበሩም። በ1846 መጨረሻ ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ የመጡት የካፑቺን ማኅበር አባል አቡነ ማስያስ ምጽዋ ሲወርዱ፣ ወደ ጓላ ወጥተው ለተማሪዎቹ ክህነት ሰጡ። ደስታው ብዙ አልቆየም። የጳጳስ መምጣት በተሰማ ጊዜ ስደቱ በረታ፤ አቡነ ማስያስም ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተመለሱ። የጓላው ቤት ተዘረፈ፣ ማኅበሩም ተበተነ። በውቤ ፈቃድና ክልከላ መካከል እየተመላለሰ የኖረ ቤት ስለ ሆነ፣ መልሶ ቢሰበሰብም እንደ ቀድሞው ሰላም አላገኘም። ከዚያ የወጡት ቀሳውስት ግን በየፊናቸው ሄደው የሌሎች መንደሮች እረኞች ሆኑ።

ዓሊቴና

በስደቱ ዘመን አቡነ ያዕቆብን ከተቀበሏቸው መካከል ቀዳሚዎቹ ኢሮቦች ናቸው። አገራቸውን ያየ ሰው ምክንያቱን በከፊል ይረዳዋል። ከዓዲግራት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲኬድ ደጋው በድንገት ይቆረጥና ወደ በረሃው የሚወርዱ ጥልቅ ሸለቆዎች ይጀምራሉ። ዓሊቴና ያለችው ከእነዚህ ሸለቆዎች በአንዱ ውስጥ ነው። የገዥዎች ሠራዊት በቀላሉ የማይደርስበት አገር ነው። ሕዝቡ ሳሆኛ ይናገራል፤ በከብቱና በማሩ የታወቀ፣ በሽማግሎቹ ጉባኤ የሚተዳደር፣ እንግዳ ከተቀበለ በኋላ አሳልፎ የማይሰጥ ሕዝብ ነው።

እዚህ ላይ የአቡነ ያዕቆብ ሌላ ጠባይ ይታያል። በዓድዋና በጓላ ወደ እርሳቸው የሚመጡት ብዙዎቹ ሊቃውንት ነበሩ፤ ክርክሩም የመጻሕፍት ክርክር ነበር። በዓሊቴና ግን ከእረኞች ጋር ነበር ኑሯቸው። ሰው ሁሉ ለየብቻው ሳይሆን ወገን ከወገኑ፣ ሽማግሌው ከቤተሰቡ ጋር መክሮ ነው የሚወስነው። አቡነ ያዕቆብ ይህን ምክር ሳይጫኑ ጠበቁት። ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ከጓላ የወጡ ቀሳውስትና ተማሪዎችን አስቀመጡ፤ ትምህርት ቤቱም በዚያ ቀጠለ። ኢሮቦች በግዕዝ የሚቀደስ ቅዳሴ እየሰሙ፣ በራሳቸው ቋንቋ እየተመካከሩ ካቶሊካውያን ሆኑ፤ እስከ ዛሬም ጸንተዋል። ለዚህ ጽናት የከፈሉት ዋጋ በአቡነ ያዕቆብ ዘመን አላበቃም። ከ1998 እስከ 2000 በነበረው የድንበር ጦርነት ዓሊቴና ተይዛ ብዙ ጉዳት ደረሰባት፤ በ2020 በተጀመረው ጦርነትም የኢሮብ ምድር እንደ ገና ልጆቿን ቀበረች።

ጳጳስነት በሌሊት

ሮማ አቡነ ያዕቆብን ጳጳስ አድርጋ ስትሾም እርሳቸው ለረዥም ጊዜ እምቢ አሉ። ብቁ አይደለሁም የሚል ስሜታቸው ለታይታ የሚደረግ ትሕትና አልነበረም፤ በግል ማስታወሻቸውም በደብዳቤዎቻቸውም ይኸው ነው የሚታየው። በመጨረሻ በጃንዋሪ 1849፣ በሌሊት፣ በምጽዋ፣ አቡነ ማስያስ ቀቧቸው። ካቴድራል አልነበረም፤ በአንዲት ቤት ውስጥ በተዘጋጀ መንበር ፊት፣ የሚሰማ እንዳይሰማ በጥንቃቄ የተፈጸመ ሥርዓት ነበር። የኒሎፖሊስ ጳጳስ ተባሉ። ከዚያ በኋላ ለአገሬው ልጆች ራሳቸው ክህነት መስጠት ቻሉ፤ በ1851 መጀመሪያ ላይም አባ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾሙ። ሊቁ በዚያን ጊዜ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር።

በ1854 አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል በጎንደር ነበሩ። በዚያን ሰዓት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ኃይላቸው እየበረታ መጥቶ የአቡነ ሰላማን ድጋፍ ይሹ ነበር። ስምምነቱ ካቶሊካውያንን የሚመለከት ነበር፤ ጳጳሱ ከካሣ ጋር ሊሆኑ የሚችሉት የአቡነ ያዕቆብ ሥራ ሲቆም ብቻ ነው። በጁላይ 1854 ሁለቱም ከባልንጀሮቻቸው ጋር ተይዘው ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ የውጭ አገር ሰው ስለ ነበሩ ከወራት እስራት በኋላ ወደ ስናር ድንበር እንዲባረሩ ተወሰነ፤ ጠባቂዎቻቸው ግን በመንገድ ላይ ለቀቋቸውና በብዙ ድካም ወደ ምጽዋ አካባቢ ተመለሱ። ለአባ ገብረ ሚካኤል እንዲህ ያለ ምሕረት አልተገኘም። በግርፋትና በሰንሰለት ከሠራዊቱ ጋር እየተጎተቱ፣ በኦገስት 28 ቀን 1855 በወሎ ምድር ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፁዕ ብለው አወጇቸው።

አቡነ ያዕቆብ ስለ ወዳጃቸው ሞት ሲሰሙ ምን እንዳሉ እዚህ አንጽፍም። በሕይወት የተረፉት በባዕድነታቸው፣ ወዳጃቸው የሞቱት በአገሬነታቸው መሆኑ ግን ከልባቸው የሚወጣ ነገር አልነበረም ብለን እናምናለን። ከዚያ በኋላ ወደ አውሮጳ የመመለስ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ጤንነታቸውም ተጎድቷል። አልተመለሱም።

ሐላይና ሄቦ

የመጨረሻዎቹ ዓመታት በአከለ ጉዛይ ጫፍ ላይ፣ በሐላይና በአካባቢዋ አለፉ። ሐላይ ከምጽዋ ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ የሚያርፍባት መንደር ናት፤ ረዳታቸው አቡነ ቢያንኬሪም ከእርሳቸው ጋር ነበሩ። ስደት በመጣ ጊዜ ወደ ቆላው፣ ወደ እምኩሉ ይወርዳሉ፤ ሲረግብ ይወጣሉ። ከሐላይ ብዙም በማትርቀው በሄቦም ምእመናን ነበሯቸው። ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ፣ ሕዝቡም ገበሬ ነው። እንደ ጓላ ሊቃውንት የተሰበሰቡባት አልነበረችም፤ ታሪክ ጸሐፊ የሚጎበኛት ከተማም አይደለችም። ሆኖም ለእረኛቸው የነበራቸው ፍቅር የኋላ ታሪካቸውን ወሰነው።

በዚያ ዘመን ፖለቲካው ከሃይማኖቱ ጋር መቀላቀሉ አቡነ ያዕቆብን አልተዋቸውም። ዐፄ ቴዎድሮስን የሚቃወሙት አገው ንጉሤ በትግራይ ተነሥተው የፈረንሳይን እርዳታ ይፈልጉ ነበር፤ የፈረንሳይ መልእክተኛ ኮንት ሩሰልም በ1860 መጀመሪያ ሐላይ ደረሰ። አቡነ ያዕቆብ እንግዳውን በመርዳታቸው ተይዘው ለጥቂት ሳምንታት ታሰሩ። እንደሚመስለን ይህ ከሕይወታቸው መራራ ክፍሎች አንዱ ነው። ለሃያ ዓመታት ራሳቸውን ከመንግሥታት ጠብ ለይተው በመንደር መካከል ለመኖር ሲጥሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ የታሰሩት በመንግሥታት ጉዳይ ነው።

ከእስራቱ ሲወጡ ሰውነታቸው ደክሞ ነበር። በጁላይ 1860 በእምኩሉ ሙቀት ውስጥ ትኩሳት ያዛቸው። የደጋው አየር ይሻላቸዋል ተብሎ በወሩ መጨረሻ ከጥቂት መነኮሳትና ተማሪዎች ጋር በሌሊት ጉዞ ጀመሩ። በበቅሎ ላይ መቀመጥ አቅቷቸው እየወረዱ ያርፉ ነበር። በጁላይ 31 ቀን፣ ዓሊገዴ በተባለው ሸለቆ ውስጥ፣ ከዚህ በላይ መሄድ እንደማይችሉ ተረዱ። ተናዘዙ፤ ቅብዐ ቅዱስ ተቀበሉ፤ አብረዋቸው ያሉትን ሁሉ ይቅርታ ለምነው ባረኳቸው። ከቀትር በኋላ በመሬት ላይ ተኝተው፣ ድንጋይ ተንተርሰው ዐረፉ። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ ቀርቷቸው ነበር። በዙሪያቸው የነበሩት ያሳደጓቸው የአገሬው ልጆች ናቸው።

ሥጋቸው ወደ ሄቦ ወጥቶ በዚያች መንደር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አንድ ጳጳስ የሚቀበርበት ካቴድራል አልነበራቸውም፤ ሄቦ ራሷ ያን ሆነችላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንደሪቱ መቃብሩን ስትጠብቅ ኖራለች። በዓሉ በደረሰ ጊዜ ከአከለ ጉዛይ፣ ከሐማሴንና ከሌላውም ቦታ ምእመናን በእግር ወደዚያ ይጓዛሉ፤ መንገደኛውን የሚቀበሉት፣ ውኃና እንጀራ የሚያቀርቡት የመንደሩ ቤተሰቦች ናቸው። በዚህች መንደር በዓልና እንግዳ መቀበል ከአባት ወደ ልጅ እንደ ርስት ይተላለፋሉ።

የአቡነ ያዕቆብን ሕይወት በቅርብ ያየው ደቀ መዝሙራቸው የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት ያየውን ጽፎልናል፤ ምስክርነቱ በ1914 በፓሪስ በፈረንሳይኛ ታትሟል። ስለ እኚህ አባት የምናውቀው ብዙው ነገር ከአውሮጳዊ ብዕር ብቻ አለመምጣቱ ደስ ያሰኘናል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በጁን 25 ቀን 1939 ብፁዕ ብለው አወጇቸው፤ ጳውሎስ 6ኛም በኦክቶበር 26 ቀን 1975 የቅዱሳንን አክሊል ሰጧቸው።

እርሳቸው የተከሏቸው ማኅበረሰቦች ዛሬ በተለያዩ ሀገረ ስብከቶች ውስጥ ይገኛሉ። ጓላና ዓሊቴና በ1961 በተቋቋመው በዓዲግራት ሀገረ ስብከት፣ ሄቦና ሐላይ ደግሞ በ2012 በተቋቋመው በሰገነይቲ ሀገረ ስብከት ሥር ናቸው። በአቡነ ያዕቆብ ዘመን ከጓላ ተነሥቶ ሄቦ መድረስ የጥቂት ቀን የእግር መንገድ ነበር፤ ካህናቱና ተማሪዎቻቸው ተመላልሰውበታል። ከ1998 ጦርነት በኋላ መንገዱ ለሃያ ዓመታት ተዘጋ። በሴፕቴምበር 2018 የዛላምበሳ በር ሲከፈት በሁለቱም ወገን ያሉ ቤተሰቦች ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በሩ ተመልሶ ተዘጋ። በእነዚያ ዓመታት በዓሊቴና ካሉት ምእመናን መካከል የአባታቸውን መቃብር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳለሙ ያረጁና የሞቱ አሉ። በበዓሉ ዕለት ግን በሁለቱም ወገን ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ያንኑ ቅዳሴ በግዕዝ ይቀድሳሉ፤ ስማቸውንም አቡነ ያዕቆብ ብለው ይጠራሉ።